ኑርዬ ያመጣው ሶኬት

ሐይቅ ላይ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው መንገድ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወጣው አስፋልት ዳር በሯ ሰማያዊ የተቀባ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ አንድ ሰው ከተቀመጠባት ሌላው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። መደርደሪያዋ ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖችና በቆሙ ሰዓቶች የተሞላ ነው። ባለቤቷ ሙዘይን ይባላል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው።

ሙያውን የተማረው በልጅነቱ አሰብ ወርዶ፣ ከአንድ የመናዊ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ጌታው እጁ ፈጣን ነበር፤ አንድ ቀን ግን የጭነት መኪና ባትሪ ሲፈታ ቁልፉ ሁለቱን ጫፍ አገናኘና ጣቱ ላይ የነበረው የብር ቀለበት በቅጽበት ግሎ ሥጋው ውስጥ ገባ። ሙዘይን ያንን ጩኸትም ሽታውንም አልረሳም። ከዚያ ወዲህ የሽቦ ጫፍ ራቁቱን ማየት አይወድም። አንድ ሬዲዮ ጠግኖ ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት ጎተት አድርጎ ይፈትናል፤ ካላመነው እንደገና ይፈታዋል። ሰው በዝግታው ያሾፍበታል፤ ከእሱ እጅ የወጣ ነገር ግን ዳግም ሲመለስ አይታይም።

አንድ የልብ ጓደኛ ነበረው፣ ኑርዬ የሚባል። አንድ ሼህ ዘንድ አብረው ቁርኣን የቀሩ፣ ሐይቁ ዳር አብረው ዓሣ ሲያጠምዱ ያደጉ ናቸው። ኑርዬ እንደ ሙዘይን ዝምተኛ አይደለም፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ የገባበትን ቤት የሚያሞቅ ሰው ነው። ደሴ አጠገብ ባለ የጦር ሠራዊት ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። የሙዘይንን ታናሽ እህት ስህንን ሲጠይቅ ቤተሰቡ አመንትቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ኑርዬ ከለበሳት ሸሚዝ በቀር ምንም አልነበረውም። ሙዘይን ነው ቆሞ፣ «ለእሱ ዋሱ እኔ ነኝ» ብሎ ያጋባቸው። ከዚያ በኋላ ኑርዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ራሱ ቤት ሳይሆን ወደ ሰማያዊዋ ሱቅ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ክረምት፣ ወደ ሰሜን የሚያልፈው የወታደር መኪና በበዛበትና ሰው በሹክሹክታ ማውራት በለመደበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ከውጫሌ አውቶቡስ ወረዱና ወደ ሱቋ መጡ። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ፣ የውጫሌው የጨርቅ ነጋዴ። ጺማቸው ሂና የተቀባ፣ ሲናገሩ አገር የሚሰማቸው ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። ሙዘይን የምትባለው አንተ ነህ?»

«ወአለይኩም አሰላም። ነኝ፣ ሐጅዬ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«እቀመጣለሁ። ግን መሳቅ የለም» አሉና ፎጣውን ፈቱ።

ከውስጡ አንዲት ቀይ መኪና ወጣች፤ ክንድ የምታህል፣ ጎማዋ የእውነት ጎማ፣ ጀርባዋ ላይ ቀጭን አንቴና የቆመባት። ከእሷ ጋር ረጅም አንቴና ያለው የእጅ መሪ ነበር። መሪውን እዚህ ሆነው ሲጫኑ መኪናዋ እዚያ ማዶ ትዞራለች፣ ትሮጣለች፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። በሁለቱ መካከል ምንም ገመድ የለም።

«ልጄ ከጂዳ ለልጆቹ የላካት ናት» አሉ ሐጂ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አላህ ይይልኝ፣ ልጆቹ ከነኳት ግን ሰንብቷል። ዐስር ሰግጄ ስወጣ ግቢው ውስጥ እኔው ነኝ የምነዳት።»

ሙዘይን እንደታዘዘው አልሳቀም። መኪናዋን ገልብጦ ሆዷን አየ። ባትሪው እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ የራሱ ማያያዣ ቀልጦ ጠፍቷል፤ የሽቦዎቹ ጫፍ ከስሏል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«አንዱ ሽቦውን ከሽቦው ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቀለለልኝ። ከጎረቤቴ የወፍጮ ሞተር ባትሪ ላይ ነው የምሞላት፤ ስፈታ ሳስር ስፈታ ሳስር ፕላስተሩ ላላ። አንድ ቀን ሽቦዎቹ ተነካኩና ስጋጃው ላይ እሳት ተነሣ። ጋቢዬ ተቃጠለ፣ እኔም የተረፍኩት ለጥቂት ነው።» ሐጂ ጎንበስ አሉ። «ስማኝ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ሳላይ ባገናኛት እንኳ እሳት የማትተፋ አድርገህ ሥራልኝ። አይቸኩለኝም።»

ሙዘይን ሥራውን ወደደው። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ያለውን ማያያዣ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ። ጥርስ ያለው መንከሻ አለ፤ ግን ይንሸራተታል፣ ብረቱም ራቁቱን ነው። የጆሮ ማዳመጫ ጃክ አለ፤ እሱ ሲገባና ሲወጣ ሁለቱን ጫፍ ለቅጽበት ያነካካል፣ ሬዲዮ ላይ ምንም አይልም፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ላይ ግን ብልጭታ ነው። ከአሮጌ መኪና የተቆረጡ ክብ መሰኪያዎችም ነበሩት፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ዳሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዓይኑ የደከመ ሰው ፖዘቲቩን ከነጋቲቩ ሊያገናኝ ይችላል። እሱ የፈለገው በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ፣ ቢገለብጡት እምቢ የሚል፣ በባትሪው በኩል ያለው ብረት ደግሞ ጣትም ሚስማርም እንዳይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ኑርዬ ሲመጣ ነገረው።

«ለዚህ ነው እንዲህ የምትብሰለሰለው?» አለ ኑርዬ እየሳቀ። «አብሽር። እንዲህ ያለው ሶኬት እኛ ግቢ የትም ወድቋል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሶኬቱን ጥንድ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ጥቁር፣ ጠንካራ ሶኬት ነው፤ አንዱ ቀዳዳው ሰፊ ሌላው ጠባብ፣ ጠርዙ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት። ሙዘይን አገናኘው፤ ጠቅ ብሎ ገባ። ገልብጦ ሞከረው፤ አልገባም። ፊቱ በራ።

«ከየት ነው ግን?» አለ፣ ቁጥሩን በጣቱ እየዳሰሰ።

«ከወደቀ መኪና መብራት ላይ። ሊጥሉት ነው ያወጡት። ወላሂ፣ ቆሻሻ ነው።»

ወላሂ ካለ ሙዘይን ሌላ አልጠየቀም። የመበየጃ ካውያውን ፍም ላይ አግሎ ሽቦዎቹን በየዘራቸው በየደ፤ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር፣ እያንዳንዱን በናስትሮ ጠቀለለ፣ ጎተት ጎተት አድርጎ ፈተነ። ከዚያ ሁለቱ መኪናዋን ይዘው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጡ። መሪውን ኑርዬ ቀማው። መኪናዋን በሣሩ ላይ አስሮጣት፣ የጎረቤት ፍየሎች ሆድ ሥር አሳለፋት፤ ፍየሎቹ ሲበታተኑ እሱ ሳቅ በሳቅ ሆኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሐጂ እውነታቸውን ነው!» አለ። «እኔም ብሆን ለልጅ አልሰጣትም!» ሙዘይንም ያን ቀን እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሐጂ መንገዱ በወታደር ፍተሻ ስለተጨናነቀ ቶሎ አልመጡም። መኪናዋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

በዚህ መሀል ጋራዡ ውስጥ ዕቃ ይጎድላል የሚል ምርመራ ተነሣ። መብራቱ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ እየወጣ ሲሸጥ ከርሟል ተባለ። ሙዘይን ይህን አልሰማም። እሱ የሰማው አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሱቁ ደጅ የቆመውን የላንድሮቨር ድምፅ ነው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎችና አንድ መቶ አለቃ ገቡ። የሚፈልጉትን እንደሚያውቁ ሁሉ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄዱ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ መቶ አለቃው፣ የእጅ መሪውን አንቴና እየመዘዘ።

«የመጫወቻ መኪና መሪ ነው፣ ጌታዬ።»

«በአየር ነው የሚላላከው?»

«አዎ፣ ግን ከመኪናዋ ጋር ብቻ ነው፤ ከሜዳው ወዲያ እንኳ…»

«መጫወቻ ከሆነ የሠራዊቱ ሶኬት ምን ያደርግለታል? ከየት አመጣኸው?»

ሙዘይን ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ኑርዬ ቆሻሻ ያለው ቆሻሻ አልነበረም። ቢናገር ኑርዬን በዚያ የጦርነት ሰሞን ምን እንደሚያደርጉት ያውቃል። ስህን ደግሞ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። «ደሴ፣ ገበያ ላይ ገዛሁት» አለ።

«ከማን?»

«ከማላውቀው ሰው።»

መቶ አለቃው ጥርሱን ብልጭ አደረገ፤ ይህንኑ መልስ ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ሙዘይንን እጁን አስረው፣ መኪናዋን ከነመሪዋ ይዘው ደሴ ወሰዱት። ሚስቱ ሂንድ ነጠላዋን እየጎተተች ከላንድሮቨሩ ኋላ ሮጠች፤ አቧራው ዋጣት።

ለብዙ ቀን ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ከወንበዴ ጋር በሬዲዮ ትገናኛለህ አሉት። የውስጥ እግሩን ገረፉት። እሱ ግን ከገበያ ገዛሁት ካለው አልተነቃነቀም። በየማታው ራሱን የሚያጽናናው፣ ቢያንስ ኑርዬ ተርፏል እያለ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ምርመራ ክፍሉ አስገቡት። በሩ ሲከፈት ኑርዬ ገባ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁ አልታሰረም።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለ መቶ አለቃው።

«አውቀዋለሁ። የሚስቴ ወንድም ነው።»

«ለእኛ የነገርከንን እፊቱ ድገመው።»

ኑርዬ ግድግዳውን እያየ ተናገረ። «ሩቅ የሚሰማ መሣሪያ እየሠራሁ ነው፣ ጠንካራ ሶኬት አምጣልኝ አለኝ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይሆንም አልኩት። ከዚያ በኋላ ከየት እንዳገኘው አላውቅም።»

ሙዘይን መጀመሪያ የተሳሳተ ነገር የሰማ መሰለው። በግርፋቱ ጆሮው የደነዘዘ መሰለው። «ኑርዬ» አለ በቀስታ፣ «ከሱቁ ጀርባ፣ ፍየሎቹ ሥር፣ መኪናዋን አልነዳሃትም?»

«የምን መኪና?» አለ ኑርዬ።

ሙዘይን ስለ ሶኬቱ እውነቱን ቢናገር አሁን ማን ይሰማዋል? የመጀመሪያውን ውሸት የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ለዚህ ሰው ብሎ። አብዮት ጥበቃዎቹ ያን ቀን በቀጥታ ወደ መደርደሪያው የሄዱትም ማን ነግሯቸው እንደሆነ እዚያው ቆሞ ገባው። እሱ ግርፋቱን የቻለው ቀድሞ የሸጠውን ሰው ለመሸሸግ ነበር።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ይህን ሁሉ የሰሙት ዘግይተው ነው። ዱላቸውን ይዘው፣ በየኬላው እየተፈተሹ ደሴ ደረሱና መቶ አለቃው ፊት ቆሙ። «መኪናዋ የኔ ናት» አሉ። «የምጫወትባትም እኔ ነኝ። ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ፣ ይህ ልጅ ግን ምንም አላጠፋም። መሪዋን ስጡኝና እዚሁ ላሽከርክርላችሁ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። መቶ አለቃው ግን አልሳቀም፤ ሽማግሌው እንዲህ ያለ ነገር ፈልስፈው ራሳቸውን እንደማያዋርዱ የጠረጠረ ይመስላል። «እሺ» አለ፣ «ከሮጠች መጫወቻ ናት። ግቢ አውጧት።» ሙዘይንንም አመጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ መለስ አለ። ባትሪው የተሞላ እንደነበር ያውቃል፤ ትንሽም ጉልበት ቢቀረው ትነሣለች።

ግን ሶኬቱን ለማስረጃ ብለው ከሁለቱም ወገን ቆርጠው ወስደውታል። ከባትሪውም ከመኪናዋም የቀሩት ራቁታቸውን የወጡ የሽቦ ጫፎች ነበሩ፣ ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር። መቶ አለቃው ዙሪያውን አየና፣ «ኤሌክትሪክ የምታውቀው አንተ ነህ፣ አያይዘው» አለ። ኑርዬን ነበር ያለው፤ ለምስክርነቱ እንዲፈርም ጠርተውት እዚያው ቆሞ ነበር።

ኑርዬ ተንበረከከ። ሽቦዎቹን አነሣ። ልጅ እንኳ የማይሳሳተው ሥራ ነው።

«ቀዩን ከቀዩ ነው፣ ኑርዬ» አለ ሙዘይን። ልመና ነበር።

ኑርዬ አንዴ ብቻ ቀና ብሎ አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ አቀረቀረና ቀዩን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቀዩ አገናኘ። ከመኪናዋ ሆድ ቀጭን ጢስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሐጂ መሪውን ቢጫኑ ቢጫኑ አንድም ጎማ አልተንቀሳቀሰም።

«ወላሂ ትሮጥ ነበር!» እያሉ ጮኹ ሽማግሌው። «ወላሂል አዚም፣ ትሮጥ ነበር!»

«ውሰዱት» አለ መቶ አለቃው፣ ጀርባውን እየሰጠ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ከቆመው ሰው ሁሉ፣ የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ሙዘይን ሳይፈረድበት እስር ቤት ከረመ። ሂንድ ልትጠይቀው ስትመጣ ሁሉንም ነገራት፤ ልትጮህ አፏን ስትከፍት በቁርኣን አማላት። «ስህን እስክትገላገል» አላት። «አሁን ብትሰማ የት ትገባለች?» ስህን ወለደች፤ ሕፃኑን አዝላ፣ ምግብ ቋጥራ ከሐይቅ ትመላለስ ጀመር። በሽቦው አጥር በኩል እያለቀሰች፣ «ኑርዬ ስላንተ ያልረገጠው ቢሮ የለም» ትለዋለች። «ሂንድ ደግሞ ምን እንዳስቀየምናት እንጃ፣ ሰላም እንኳ አትለውም። ምከራት እንጂ ወንድሜ።» እሱ ራሱን ይነቀንቃል። የምታመጣውን ምግብ ለእስረኞቹ ያካፍላል፤ እሱ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አይቀምስም። ሥጋው ላይ የቀረው ቁስል ሲጠግግ ይህኛው አልጠገገም። ቀን ከሌት የሚመላለስበት ምስክርነቱ አይደለም፤ ሰው ፈርቶ ብዙ ይናገራል። ያ ቀና ብሎ ያየው ዓይን ነው።

በ1983 ግንቦት ጠባቂዎቹ ጥለው ሲሸሹ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ሙዘይን ከሌሎች ጋር በእግሩ ሐይቅ ገባ። ሱቁ ባዶ ነበር፤ ካውያው ሳይቀር ተወስዷል።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ኑርዬን ይዘው ቤቱ መጡ። ስህንም ተከትላቸው መጥታ ከሂንድ ጋር ጓዳ ገባች፤ ባሏ እሱና ወንድሟ በሰው ወሬ እንደተቀያየሙ ነበር የነገራት። ኑርዬ ከስቷል። ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ሙዘይን እግሩን ሰበሰበ።

«ፈርቼ ነው» አለ ኑርዬ። «ሶኬቱን ያወጣሁት እኔ መሆኔ ቢታወቅ ይረሽኑኝ ነበር። ልጆች ነበሩኝ። አፉ በለኝ።»

«ፈርተህ መሰከርክብኝ። እሺ። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን የማደርገውን አላውቅም» አለ ሙዘይን። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሐጂ የመጡ ዕለት፣ ቀዩን ከጥቁሩ ያገናኘኸው አውቀህ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልገባቸውም። ኑርዬ ምንጣፉን አየ፣ እጆቹን አየ።

«ደንግጬ… ተምታታብኝ።»

አንዱ ሽማግሌ እፎይ አለና፣ «ይኸው ተምታታብኝ አለ፣ ሰው ነው» ብሎ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። ሙዘይን ግን ተነሣ።

«ዓይኔን አይተህ ነው ያገናኘኸው» አለው። «እውነቱን ብትነግረኝ አፉ ልልህ አስቤ ነበር። ደም አልፈልግብህም፤ ክስም አልከስህም። ዛሬም ግን እየዋሸኸኝ ነው።»

የጓዳው በር ላይ ስህን ቆማ ነበር። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ባሏን አየችው፤ አልጮኸችም። «ስላንተ እየሮጠ ነው እያልኩ ነበር እኮ ለወንድሜ የምነግረው» አለች። «አርደኸው ሳለ የምትሮጥለት መስሎኝ።» ወንድሟ ቤት ሰነበተች፤ ከዚያ ልጆቹ አባታቸውን ሲጠሩባት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከኑርዬ ጋር ኖረች፤ እንዴት እንደኖረች ለማንም አላወራችም።

ሙዘይን ሐይቅ መቀመጥ ከበደው። በመንገድ ኑርዬን ላለማግኘት ሲል በጓሮ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ይህን ሰምተው ሰው ላኩበት፤ ውጫሌ ከጨርቅ ሱቃቸው ጎን ያለችውን ክፍል ለቀቁለት። ሐጂ ስለ መኪናዋ አንድም ቀን አላነሡበትም። እሱም እዚያ ሆኖ እንደ ድሮው በዝግታ ሬዲዮ ጠገነ፣ ልጆቹን አሳደገ። ጓደኛ ግን አላበጀም። ሰው ጥሩ ነገር ሲያደርግለት ያመሰግናል፤ ስጦታ ከሆነ፣ «ከየት ነው?» ይላል፤ መልሱ ወላሂ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ይመልሳል።

ዓመታት አልፈው የስህን ትልቋ ልጅ አሚናት ስትዳር ወደ ሐይቅ ሄደ። እህቱ ራሷ መጥታ ለምናው ነው። ኒካሁ ታሰረ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ቀረበ። የሙሽራዋ አባት ኑርዬ ጆግ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ እንግዶቹን ራሱ ያስታጥብ ነበር፤ ጺሙ ሸብቷል፣ እንደ ድሮው አይስቅም። ሙዘይን ፊት ሲደርስ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። በዙሪያው የተቀመጡት ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ።

ሙዘይን እጁን ዘረጋ። ውኃው ፈሰሰለት፤ ታጠበ። ቀና ብሎ ግን አላየውም።